በበቀል ተገፍተው ሥራ ሲለቁ የመልቀቂያ ደብዳቤ እንዴት ይጻፋል?

በመሥሪያ ቤቱ ያየውን ጥፋት የጠቆመ፣ የደረሰበትን ትንኮሳ ያመለከተ ወይም በባልደረባው ጉዳይ ምስክርነት የሰጠ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የስንብት ደብዳቤ አይደርሰውም። በምትኩ ለዓመታት ከፍተኛ ሆኖ የኖረው የአፈጻጸም ውጤቱ በአንድ ጊዜ ያሽቆለቁላል፣ ስብሰባ ሲጠራ ስሙ ይዘለላል፣ ከሙያው ጋር ወደማይገናኝ ክፍል ይዛወራል፣ ሌላው ሁሉ በሚያደርገው ጥቃቅን መዘግየት እሱ ብቻ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል። የዚህ ሁሉ ግብ ሠራተኛው በራሱ እጅ መልቀቂያ ጽፎ እንዲሄድ ነው። በፈቃዱ የለቀቀ ሰው ካለአግባብ ከተሰናበተው ይልቅ ለመክሰስም ሆነ ካሳ ለመጠየቅ ያለው ዕድል በጣም ጠባብ ስለሆነ፣ አሠሪው አጥብቆ የሚፈልገው ወረቀት ይኸው ነው።

ስለዚህ ደብዳቤውን ሲጽፉ አንባቢዎ አለቃዎ እንዳልሆነ አስቀድመው ይወቁ። አለቃዎ የሆነውን ሁሉ ያውቃል። ደብዳቤው የሚጻፈው ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ፋይሉን ገልጦ «ይህ ሰው ለምን ለቀቀ?» ብሎ ለሚጠይቅ፣ እርስዎንም ድርጅቱንም ለማያውቅ ዳኛ ወይም የሥራ ክርክር መርማሪ ነው።

ከመጻፍዎ በፊት

መጀመሪያ መልቀቁ ራሱ የሚያዋጣ መሆኑን ይመርምሩ፤ አንዴ ገቢ የሆነ መልቀቂያን አሠሪው ካልፈቀደ መልሶ መውሰድ አስቸጋሪ ነው። ከተቻለ የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ ወይም የሥራ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያማክሩ፤ የሚያማክሩትም ደብዳቤውን ካስገቡ በኋላ ሳይሆን ከማስገባትዎ በፊት ይሁን። የብዙ አገሮች ሕግ ተገዶ መልቀቅን እንደ ስንብት የሚቆጥርበት መንገድ አለው። በእንግሊዝ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የሥራ መብቶች ሕግ፣ በአሠሪው አድራጎት ምክንያት ውሉን ያለ ማስጠንቀቂያ የማቋረጥ መብት ያገኘና በዚያው ምክንያት የለቀቀ ሠራተኛ እንደተሰናበተ እንዲቆጠር ይፈቅዳል። በአሜሪካ ደግሞ ፍርድ ቤቶች የሚጠይቁት፣ በዚያ ቦታ ላይ የተገኘ ማንኛውም ምክንያታዊ ሰው ሥራውን ከመልቀቅ በቀር አማራጭ አይታየውም ነበር ወይ ብለው ነው። በሁለቱም ዘንድ የማስረዳቱ ሸክም በሠራተኛው ትከሻ ላይ ነው፣ መለኪያውም ከፍ ያለ ነው፤ መከፋትና መበሳጨት ብቻውን አይበቃም።

በዓለም አቀፍ ደረጃም እ.ኤ.አ. በ1982 የጸደቀው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 158፣ በአሠሪ ላይ የሕግ ጥሰት አቤቱታ ማቅረብ ለስንብት በቂ ምክንያት እንደማይሆን በአንቀጽ 5 ደንግጓል። እ.ኤ.አ. በ2019 የጸደቀው ስምምነት ቁጥር 190 ደግሞ በሥራ ዓለም የሚደርስ ጥቃትና ትንኮሳን የሚመለከት ሲሆን፣ አቤት ባዮች፣ ምስክሮችና ጥቆማ ሰጪዎች ከበቀል እንዲጠበቁ ይጠይቃል። ስምምነቶቹ የሚያስገድዱት ያጸደቋቸውን አገሮች በመሆኑ፣ እርስዎ የሚተዳደሩበት የአገርዎ ሕግ ምን እንደሚል ማረጋገጥ የግድ ነው።

ቀጥሎ የቀን ቅደም ተከተል ያዘጋጁ። በአንድ ወረቀት ላይ ጥቆማውን ወይም አቤቱታውን ያቀረቡበትን ቀን ከላይ ያስፍሩ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ከነቀኑ፣ ከነቦታውና ከነበረው ሰው ጋር ከሥሩ ይዘርዝሩ። የተላኩልዎትን ደብዳቤዎች፣ የምዘና ውጤቶችና ያቀረቧቸውን ቅሬታዎች ቅጂ በቤትዎ ያስቀምጡ። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ የድርጅቱን ምስጢራዊ ሰነድ ወደ ግል ኢሜይል መላክ ወይም የደንበኞችን መረጃ ይዞ መውጣት፣ እስከዚያ ሰዓት በቂ ምክንያት ያልነበረውን አሠሪ ምክንያት ማስታጠቅ ነው። የድርጅቱ የሆነውን ሰነድ ቁጥሩንና ቀኑን መዝግበው ይተዉት፤ ክርክሩ ሲመጣ እንዲቀርብ በሕግ መንገድ መጠየቅ ይቻላል።

የውስጥ ቅሬታ አቅርበው የማያውቁ ከሆነም፣ ሁኔታው ለጤናዎ ወይም ለደኅንነትዎ አስጊ ካልሆነ በቀር፣ መጀመሪያ እሱን በጽሑፍ ያስገቡ። አሠሪው እንዲያርም ዕድል ተሰጥቶት ዝም ማለቱ ከመልቀቂያው ሐተታ ሁሉ በላይ ይናገራል። በሌላ በኩል ብዙ መዘግየትም ይጎዳል፤ ወራት ካለፉ በኋላ «ሁኔታውን ተቀብሎ ሲሠራ ነበር» የሚል መከራከሪያ ይነሣብዎታል።

«ጉዳዩ» ላይ የሚሰናከሉበት ቦታ

በአማርኛ የመልቀቂያ ደብዳቤ ላይ ከልማድ የመጣ አንድ አደገኛ ሐረግ አለ። እጃችን በራሱ ጊዜ «ጉዳዩ፦ በገዛ ፈቃዴ ሥራ መልቀቄን ስለማሳወቅ» ብሎ ይጽፋል፤ ቀጥሎም «ባጋጠመኝ የግል ጉዳይ ምክንያት» ይላል። ሐረጉ ጨዋ ይመስላል፣ አለቃንም አያስቀይምም። በክርክር ጊዜ ግን አሠሪው ይህችን አንዲት መስመር ብቻ አስምሮ ያቀርባል፤ እርስዎም የራስዎን ፊርማ ሲያስተባብሉ ይገኛሉ። በምትኩ «ጉዳዩ፦ ሥራዬን ለመልቀቅ መገደዴን ስለማሳወቅ» ብለው ይጻፉ። በመጨረሻ የሚጨመረውን «በቆይታዬ ለተደረገልኝ መልካም ትብብር ሁሉ አመሰግናለሁ» የሚለውንም ይተዉት፤ እኔ በበኩሌ ከይሉኝታ የመጣ ውሸት ከስድብ የማይተናነስ ጉዳት የሚያደርሰው በዚህ ደብዳቤ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ደብዳቤው መልቀቂያ የመቀበል ሥልጣን ላለው ኃላፊ ይጻፍ፤ በግልባጭም ለሰው ሀብት አስተዳደርና ቅሬታዎን ቀደም ሲል ለተቀበለው ክፍል ይድረስ። በቀሉን የፈጸመው የቅርብ አለቃዎ ራሱ ከሆነ ከእሱ በላይ ላለው ኃላፊ ቢጻፍ ይመረጣል።

ዋናው አንቀጽ

እዚህ ላይ የሚያስፈልጉት ያደረጉት፣ የደረሰብዎትና የጠየቁት ናቸው፤ እነሱም በቀን ተያይዘው መምጣት አለባቸው። አንዲት የግዥ ክፍል ሠራተኛ እንዲህ ብትጽፍ እንበል፦

«መጋቢት 3 ቀን፣ ከአቅራቢ የመጡ ሁለት ደረሰኞች ከገባው ዕቃ ጋር እንደማይመሳከሩ ለውስጥ ኦዲት ክፍል በጽሑፍ አመልክቻለሁ። መጋቢት 11 ቀን፣ ምክንያቱ በጽሑፍ ሳይገለጽልኝ ከግዥ ክፍል ተነሥቼ ወደ መዝገብ ቤት ተዛውሬአለሁ። ሚያዝያ 2 ቀን በተሰጠኝ ምዘና የአፈጻጸም ውጤቴ ከ91 ወደ 54 ዝቅ ብሏል። ሚያዝያ 5 ቀን ለሰው ሀብት አስተዳደር ያቀረብኩት ቅሬታ እስከ ዛሬ ግንቦት 14 ቀን ድረስ ምላሽ አላገኘም። በዚህ ሁኔታ በሥራዬ ላይ መቆየት ስላልቻልኩ ለመልቀቅ ተገድጃለሁ።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ «በቀል» የሚል ቃል የለም፤ ነገር ግን በመጋቢት 3 እና በመጋቢት 11 መካከል ያለውን ስምንት ቀን ያየ አንባቢ ቃሉን ራሱ ይሞላዋል። ቃሉን መጠቀም ከፈለጉም ከዝርዝሩ በኋላ አንድ ጊዜ፣ «እነዚህ እርምጃዎች የተወሰዱብኝ ባቀረብኩት ጥቆማ ምክንያት መሆኑን አምናለሁ» ብለው ያስፍሩት። «ሌባ»፣ «ጨካኝ»፣ «አምባገነን» የሚሉ ቅጽሎች ግን አይግቡ፤ ማስረዳት የማይችሉትን ውንጀላ በስም ጠቅሶ መጻፍ በስም ማጥፋት ሊያስከስስዎ ይችላል። «አሳያችኋለሁ» የሚል ዓይነት ዛቻም እንደዚሁ ነው። ሃያ ክስተት ካለዎት ደግሞ አምስቱን ጠንካሮች መርጠው «እነዚህ ዋና ዋናዎቹ እንጂ ሁሉም አይደሉም» ብለው ይዝጉ፤ ከአንድ ገጽ ተኩል በላይ የሄደ ደብዳቤ አንባቢውን ያደክማል።

መዝጊያው፣ ቀኑና ማስገቢያው

ከምክንያቱ ቀጥሎ መልቀቁ የሚጸናበትን ቀን በግልጽ ይጻፉ። የማስጠንቀቂያ ጊዜ መስጠት ያለብዎ መሆን አለመሆኑ በውልዎና በሕጉ የሚወሰን ነው፤ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚለቁ ከሆነ ግን የሚያስለቅቅዎ አድራጎት ያንን እንደሚፈቅድ አስቀድመው ያረጋግጡ። ከዚያ «ይህ ደብዳቤ በሕግ ያሉኝን መብቶች የሚያስቀር አይደለም» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ያክሉ፤ ያልተከፈለ ደመወዝ፣ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድና የሥራ ልምድ ማስረጃ እንዲሰጥዎም ይጠይቁ።

ደብዳቤውን ያስገቡበት ቀን ራሱ ትልቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ የፖስታ ቤት ኃላፊ በበቀል ተገፍቼ ለቀቅኩ ብሎ ባቀረበው ክስ ላይ ይህንኑ ወስኗል። ሕጉ የሰጠው ጊዜ 45 ቀን ነበር፤ ሰውዬው አቤት ያለው መልቀቂያውን ባቀረበ በ41ኛው ቀን፣ ከመልቀቁ በፊት ከአሠሪው ጋር ስምምነት በፈረመ ግን በ96ኛው ቀን ነው፤ ስለዚህ ጊዜው አልፏል ወይስ አላለፈም የሚለው ቆጠራው በሚጀምርበት ቀን ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ፍርድ ቤቱ የጊዜው ቆጠራ የሚጀምረው ሠራተኛው መልቀቁን ካሳወቀበት ቀን ነው በማለት ወሰነ። ሥራው በተግባር የሚቋረጥበት ቀን አይደለም ማለት ነው፤ ስለዚህ በሌላ አገርም ቢሆን ጊዜውን ከመጨረሻው የሥራ ቀን እየቆጠሩ መዘናጋት አያዋጣም።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው በእርስዎ ቅጂ ላይ የመዝገብ ቤቱ የገቢ ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን እንዲሰፍርበት ያድርጉ። አልቀበልም ካሉ በአደራ ፖስታ ይላኩት፤ በኢሜይል ከላኩም ከግል አድራሻዎ ግልባጭ ይውሰዱ፤ የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል በማግስቱ ሊዘጋ ይችላል።

በመጨረሻው ቀን ለክሊራንስና ለክፍያ የሚቀርብልዎትን ቅጽ ቆመው አይፈርሙ። ከታች በትንንሽ ፊደል «ከድርጅቱ የምጠይቀው ምንም ዓይነት መብትና ክፍያ የለኝም» የሚል መስመር ካለበት፣ በጥንቃቄ የጻፉትን ደብዳቤ ያ ፊርማ ሊያፈርሰው ይችላል። እንዲወጣ ይጠይቁ፤ እምቢ ካሉዎት «የተቀበልኩት የተከፈለኝን ሒሳብ ብቻ ነው» ብለው ከፊርማዎ በላይ በእጅዎ ይጻፉበትና ቅጂውን ይዘው ይውጡ።