ፑል ያለው ቤትና ትንሽ ልጅ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ላስ ቬጋስ ወይም ፊኒክስ አካባቢ ቤት የገዛ ሐበሻ ጓሮው ውስጥ ፑል (የመዋኛ ገንዳ) ማግኘቱ ብርቅ አይደለም። በዚያ ሙቀት ደስ ይላል። ችግሩ ግን አሜሪካ ውስጥ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆችን ከምንም ነገር በላይ የሚገድለው ውሃ ውስጥ መስጠም መሆኑ ነው። አብዛኞቹም የሚሰጥሙት መኖሪያ ቤት ባለ ፑል ውስጥ ነው።

«ሰው ሞልቶ የለ እንዴ!»

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ልደት ወይም ክርስትና ሲሆን ጓሮው በሰው ይጥለቀለቃል። አንዱ ሥጋ ይጠብሳል፣ ቡና ይፈላል፣ ጨዋታው ይደራል። ሁሉም «ሌላው እያየው ነው» ብሎ ያስባል። ያደግነው ጎረቤት በሚቆጣበት፣ ጎረቤት በሚያበላበት ሰፈር ነውና ልጅ የሁሉም ነው እንላለን። ውሃ አጠገብ ግን የሁሉም የሆነ ልጅ ጠባቂ የለውም።

ስለዚህ ስም ጠርታችሁ ተረኛ መድቡ። ሰው ቶሎ ስለሚሰለች በየ15 ደቂቃው ተቀያየሩ። ተረኛው ስልክ አይነካም፣ ቢራ አይጠጣም፣ ቀጣዩ ሰው «ተረክቤሃለሁ» ሳይለው ንቅንቅ አይልም። ዋና የማይችል ልጅ ውሃ ውስጥ ካለ ደግሞ ተረኛው እጁን ቢዘረጋ በሚደርስበት ርቀት አብሮት ይግባ። የስምንት ዓመቷን ታላቅ እህት «ወንድምሽን እይው» ብሎ መሄድ ተረኛ መመደብ አይባልም።

«ከሰጠመ እሰማዋለሁ»

አትሰሙትም። እንደ ፊልሙ አይጮኽም፣ እጁንም አያወናጭፍም። አየር ለመሳብ የሚታገል ልጅ ለጩኸት የሚሆን ትንፋሽ የለውም። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ጸጥ ብሎ ሊሰጥም ይችላል። ልጅ ድንገት ከጠፋባችሁ መጀመሪያ የሚታየው ፑሉ ነው። አልጋ ሥርና ቁም ሣጥን ቆይተው ይታያሉ።

«ግቢው አጥር አለው»

የግቢው አጥር የጎረቤትን ልጅ ያግድ ይሆናል። የእናንተ ልጅ የሚመጣው ግን ከሳሎን ነው፤ ተንሸራታቹን የመስታወት በር ገፋ አድርጎ ወይም በውሻው መግቢያ ሾልኮ። ከሚሰጥሙት ሕፃናት ብዙዎቹ በዚያ ሰዓት ፑሉ ጋ ይኖራሉ ተብለው እንኳ አልተጠበቁም፤ ቤት ውስጥ ናቸው የተባሉ ናቸው። ስለዚህ አጥሩ ፑሉን በአራቱም በኩል ከቤቱ ይለየው።

ቁመቱ ቢያንስ 1.2 ሜትር ይሁን፤ አሪዞና ውስጥ ሕጉ 5 ጫማ ይላል፣ ማለትም 1.5 ሜትር ያህል። በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። የአጥሩ በር ከፑሉ ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ሲለቁት ራሱ የሚዘጋና የሚቆለፍ፣ መቆለፊያውም ልጅ የማይደርስበት ይሁን። ይሄ ሁሉ ወጪ ወጥቶበት ታዲያ ምን ይደረጋል? ግብዣ ሲመጣ ትሪ ይዞ ለመመላለስ እንዲመች በሩ በድንጋይ ተደግፎ ይከፈታል! አጥሩ ሥር የተተወ ወንበርም መሰላል ነው።

መጫወቻ ውሃው ላይ ትቶ መግባት

ኳሷ ስትንሳፈፍ ያየ የሁለት ዓመት ልጅ ሊያነሳት መሄዱ አይቀርም። ሰብስቧት። የሚነፋውን ትንሽ ገንዳም ተጠቅማችሁ ስትጨርሱ ድፉት፤ ሕፃን ቁርጭምጭሚት በማይሞላ ውሃ ይሰጥማል።

ክንዱ ላይ በሚነፋ ፕላስቲክ መተማመን

ይተነፍሳል፣ ይወልቃል። መጫወቻ እንጂ የደኅንነት ዕቃ አይደለም። ከፈለጋችሁ ኮስት ጋርድ (የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ) ያጸደቀውን፣ ለልጁ ክብደት የሚሆን ላይፍ ጃኬት ግዙ። ዋና ማስተማርም ጥሩ ነው፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ከ1 ዓመት ጀምሮ ሊጠቅም ይችላል ይላል። ግን ዋና የተማረ ልጅም ይሰጥማል። የዋና ልብሱ ሰማያዊ ከሆነ ውሃው ውስጥ አይታይም፤ ደማቅ ብርቱካናማ ምረጡ።

የውሃ መውጫውን አለማየት

የቀድሞው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የጄምስ ቤከር የሰባት ዓመት የልጅ ልጅ እ.ኤ.አ. በ2002 የሞተችው የሙቅ ውሃ ገንዳ መውጫ ስቦ ይዟት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የፑል ደኅንነት ሕግ በስሟ ይጠራል። ክዳኑ ከተሰበረ ወይም ከጎደለ እስኪጠገን ማንም አይግባ።

«እማማ አሉ፣ ያዩታል»

እናታችን ከአገር ቤት አራስ ሊጠይቁ ይመጡና ትልቁን ልጅ እሳቸው ላይ ጥለን ሥራ እንሄዳለን። ዋና አይችሉም ይሆናል። የፑሉን በር አሠራርም ያሳያቸው የለም። አሳዩዋቸው። ልጁ ከወደቀ ዘለው እንዳይገቡ፣ ረጅሙን ዘንግ ዘርግተው እንዲስቡት ንገሯቸው፤ ዘንጉም ሁልጊዜ ፑሉ ዳር ይቀመጥ። 911 እንዴት እንደሚደወል አለማምዷቸው፣ የቤቱን አድራሻም በትልቁ ጽፋችሁ ፍሪጁ ላይ ለጥፉ።

ደረት መጫን ብቻ መማር

አዋቂ ድንገት ሲወድቅ የሚሠራው፣ ደረት ብቻ የሚጫንበት ሲፒአር (ልብና ትንፋሹ ለቆመ ሰው የሚሰጥ የመጀመሪያ እርዳታ) ለሰጠመ ልጅ አይበቃም። ልጁ ያጣው አየር ነውና ትንፋሽ ይፈልጋል። የሕፃናትን ሲፒአር ከእነትንፋሹ የሚያስተምር ኮርስ ቀይ መስቀል ጋ አለ። ጥቂት ሰዓት ቢወስድ ነው። እማማንም ይዛችኋቸው ሂዱ።