ትልቅ ፕሮቲን ስትመዝኑ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

የጎጃም ግብጦ በፕሮቲን የታወቀ ነው። ባሕር ዳርም ሁኑ ደብረ ማርቆስ፣ ይህን ፕሮቲን አውጥታችሁ ማልዲ ማስ ስፔክትሮሜትር (ሞለኪውሎችን በሌዘር አስነስቶ የሚመዝን ማሽን) ወዳለበት ቤተ ሙከራ ለመውሰድ ካሰባችሁ ይህን አንብቡ። ናሙናው የሚገኘው በብዙ ልፋት ነው፤ ሲባክን ያሳዝናል።

ዋናው ስህተት፣ ምልክቱ ሲደክም ዝም ብሎ የዲቴክተሩን (የሚደርሱትን ሞለኪውሎች የሚያውቀውን የማሽኑን ክፍል) ቮልቴጅ መጨመር ነው። ማሽኑ እኩል ቻርጅ ላላቸው አዮኖች (ቻርጅ የያዙ ሞለኪውሎች) ሁሉ የሚሰጠው ጉልበት እኩል ነው። ስለዚህ ከባዱ ቀስ ይላል። በ20 ኪሎቮልት የተገፋ የ1,500 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ፔፕታይድ (አጭር የፕሮቲን ቁራጭ) በሰከንድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። የ150,000 ዳልተኑ ፕሮቲን ግን 5 ኪሎ ሜትር ብቻ። ዲቴክተሩ ደግሞ አዮን መምጣቱን የሚያውቀው፣ አዮኑ ሲመታው በሚወጣው ኤሌክትሮን ነው፤ ያንን ኤሌክትሮን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ባሉት ሰሌዳው ውስጥ ያባዛዋል። ቀስ ብሎ የመጣ አዮን ብዙ ጊዜ አንድም ኤሌክትሮን አያስወጣም። የመጀመሪያው ኤሌክትሮን ከሌለ ምን ይባዛል? የሚበዛው ኖይዙ (ረባሽ ምልክቱ) ነው፤ የዲቴክተሩ ዕድሜም ያጥራል። የሚያዋጣው አዮኑን ዲቴክተሩ ደጃፍ ላይ እንደገና ማፍጠን ነው። ማሽኑ ይህን የሚያደርግ ዲቴክተር እንዳለው ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ጠይቁ።

ሁለተኛው፣ የማትሪክሱን (ናሙናው የሚደባለቅበትን፣ የሌዘሩን ጉልበት የሚቀበለውን ኬሚካል) ቀላል አዮኖች እንዳሉ መልቀቅ ነው። ቀድመው ደርሰው ዲቴክተሩን ያደክሙታል። አንዴ የሠሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ እንደገና ለመሙላት ሚሊሰከንድ ያህል ይፈልጋሉ። ትልቁ ፕሮቲን ግን የአንድ ሜትር ተኩል መንገዱን በ300 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይጨርሳል። ስለዚህ ቀላሎቹን መንገድ ላይ የሚያስቀረውን ሴቲንግ አብሩ።

ጥፋቱን ሁሉ ዲቴክተሩ ላይ መጣልም አለ። የግብጦ ግሎቡሊን (ዋናው ፕሮቲኑ) የሚሟሟው በጨው ውሃ ነው። ጨዉን በዳያሊሲስ (ጨው አሳልፎ ፕሮቲን በሚያስቀር ስስ ሽፋን) ካላወጣችሁት ሶዲየሙ ፕሮቲኑ ላይ እየተለጠፈ ፒኩን (ግራፉ ላይ የሚታየውን ጫፍ) ያሰፋዋል፣ ቁመቱንም ይቀንሰዋል። ደግሞ ይህ ፕሮቲን ከብዙ ክፍሎች የተገጣጠመ ነው። አሲዳማው ማትሪክስ ይበታትነዋል። ስለዚህ ትንንሾቹን ክፍሎች ብቻ ብታዩ አትደንግጡ፤ ትልቁ ዲቴክተሩ ጋ ሳይደርስ ፈርሷል።

የመብራት ነገርም አይዘንጋ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቫኪዩሙ (የማሽኑ ውስጥ አየር አልባነት) በደንብ ሳይመለስ ከፍተኛ ቮልቴጅ አትስጡ፤ የዲቴክተሩ ሰሌዳ ሊቃጠል ይችላል። መለዋወጫ ሰሌዳውንም እርጥበት ስለሚጎዳው፣ በተለይ በክረምት፣ ደረቅ ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት።