ዕዳ ከሜዳ አይደለም፤ ፈርመንበታል

በመጋቢትና በሚያዝያ ከኮሌጆች የሚመጣውን ደብዳቤ፣ እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ በብዙ ቤት የምግብ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አይቼዋለሁ። ርዕሱ «የገንዘብ ዕርዳታ» ይላል። ከሥሩ ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራል መንግሥት ድጎማ፣ ስኮላርሺፕ፣ የግቢ ውስጥ ሥራ፣ የፌዴራል ብድር ተሰልፈው መጨረሻ ላይ አንድ ድምር ይቀመጣል። እናት ድምሩን አይታ እልል ትላለች።

የመጀመሪያው ስህተት ያ እልልታ ነው። ግራንቱና ስኮላርሺፑ አይመለሱም፤ ብድሩ ግን ከነወለዱ ይመለሳል። የግቢው ሥራም ልጁ ለፍቶ የሚያገኘው ደመወዝ ነው። እርሳስ ያንሡና የማይመለሰውን ብቻ ደምረው ከዓመቱ ጠቅላላ ወጪ ይቀንሱ። ኮሌጁ የሚያስወጣዎት የቀረው ነው።

ብድሩን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየትም ያስከፍላል። አንዱን ዓይነት፣ ልጁ እስኪጨርስ ወለዱን መንግሥት ይሸፍንለታል፤ ሌላው ገንዘቡ ከተለቀቀበት ቀን ጀምሮ ይወልዳል። በወላጅ ሥር ያለ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በራሱ ስም ከፌዴራል መንግሥት የሚበደረው በአብዛኛው እስከ 5,500 ዶላር ነው፤ ወለዱ የሚሸፈንለት ከዚያ ውስጥ ቢበዛ 3,500ው ነው።

የጎደለውን በወላጅ ፊርማ መሙላት ደግሞ የእኛ ድክመት ነው። «ለልጄ አልፈርምም» ማለት ነውር ይመስለናል። ወላጅ ፕላስ የሚባለው የፌዴራል ብድር ግን የወላጁ እንጂ የልጁ አይደለም፤ ልጅዎ ባይከፍል የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። ለግል ባንክ ብድር ዋስ መሆንም ያው ነው። ታክሲ እየነዱ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ይህን ዕዳ የተሸከሙ አባት አውቃለሁ።

«ልጄ ኖቫ ገባ» ማለት በሠርግ ቤት አያኮራ ይሆናል። ይሁንና ኖቫ በሚባለው፣ ክፍያው አነስ ባለው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሮ ወደ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የተሻገረ ልጅ፣ ዲግሪው ላይ የሚጻፈው ጆርጅ ሜሰን ነው።

ትምህርት ያዋጣል ወይ ለሚሉኝ የምመልሰው «ይጨርሰዋል ወይ?» ብዬ ነው። ክፍያ አቅቷቸው የሚወድቁት በብዛት ብዙ የተበደሩት ሐኪሞች አይደሉም፤ ጥቂት ሺህ ተበድረው መሐል ላይ ያቋረጡት ናቸው።

የመጨረሻው ስህተት፣ ስለ ብድሩ የሚመጣውን ፖስታ ሳይከፍቱ መሳቢያ ውስጥ መወርወር ነው። ትምህርት ካበቃ በኋላ የስድስት ወር እፎይታ አለ። የፌዴራል ብድር 270 ቀን ሳይከፈል ከቆየ ግን መንግሥት ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ከደመወዝ እስከ 15 በመቶ ሊቆርጥ፣ የግብር ተመላሹንም ሊወስድ ይችላል። ገቢ ካነሰ በገቢ ልክ የሚከፈልበት መንገድ ስላለ፣ ልጁ ቀኑ ሳያልፍ ደውሎ ይጠይቅ፤ ቤት ሲቀይርም አዲሱን አድራሻ ያስመዝግብ።