የመብራት ሙቀት በትንሽ የችግኝ ድንኳን ውስጥ፦ ከአዳማ ቤቶች የተወሰዱ ምልክቶች፣ መንስኤዎችና መፍትሄዎች

አዳማን የሚያህል ፀሐይ የሞላበት ከተማ ውስጥ በመብራት ችግኝ ማሳደግ ለምን አስፈለገ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። ጓሮ ለሌለው የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ግን የቲማቲም፣ የቃሪያና የሰላጣ ችግኙን ከነፋሱና ከአቧራው ጠብቆ የሚያሳድግበት ቦታ ብዙ ጊዜ የክፍሉ ጥግ ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለምሳሌነት የተወሰደው ወርዱና ርዝመቱ 60፣ ቁመቱ 140 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ውስጡ በሚያንጸባርቅ ሸራ የተለበጠ ድንኳን ሲሆን፣ በውስጡ 100 ዋት የሚስብ የኤልኢዲ መብራት ተሰቅሏል፤ የሞቀውን አየር በላይኛው በኩል በቱቦ የሚያወጣ ፋንም ተገጥሞለታል።

ወደ ምልክቶቹ ከመግባታችን በፊት መለኪያው ትክክል መሆን አለበት። ቴርሞሜትሩ የመብራቱ ብርሃን በቀጥታ ካረፈበት የአየሩን ሳይሆን የራሱን ሙቀት ያነባል፤ ስለዚህ በቅጠሉ ከፍታ ላይ ሰቅሎ በትንሽ ካርቶን ማስጠለል ያስፈልጋል። ሁለተኛ ቴርሞሜትር ደግሞ ከድንኳኑ ውጭ፣ አየር በሚገባበት ቀዳዳ አጠገብ ይቀመጥ። ከዚህ በታች የምናየው ምርመራ ሁሉ የሚመሠረተው በሁለቱ ንባቦች ልዩነት ላይ ነው።

የቅጠሉ ጠርዝ ወደ ላይ ሲታጠፍ፣ ወይም ጫፉ ሲነጣ

እነዚህ ሁለት ምልክቶች ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ቢታዩም መንስኤያቸው የተለያየ ነው። የቅጠሉ ጠርዝ እንደ ጀልባ ወደ ላይ ከታጠፈና ይህ በታችኞቹም ቅጠሎች ላይ ከታየ፣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የአየሩ ሙቀት ነው። ለመብራቱ የቀረቡት ቅጠሎች ብቻ ነጥተው የታችኞቹ ለምለም ከሆኑ ግን ችግሩ የብርሃን መብዛት ነው፤ ቴርሞሜትሩ 24 ዲግሪ እያሳየም ሊከሰት ይችላል። ለሁለተኛው መብራቱን ከፍ ማድረግ ወይም ኃይሉን መቀነስ በቂ ነው። ለመጀመሪያው ግን መብራቱን ከፍ ማድረግ ያን ያህል አይረዳም።

መብራቱ ከፍ ብሎ ተሰቅሎም ድንኳኑ አልቀዘቅዝ ሲል

ኤልኢዲ «አይሞቅም» የሚለው አባባል ብዙ ሰው አሳስቷል። ከአሮጌው የሶዲየም መብራት ጋር ሲነጻጸር ወደ ቅጠሉ የሚልከው የሙቀት ጨረር ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ሙቀቱ የሚወጣው በጀርባው ባለው አሉሚኒየም በኩል ነው። ይሁንና ብርሃኑም ራሱ በቅጠል፣ በአፈርና በሸራው ላይ አርፎ ሲዋጥ ሙቀት ይሆናል፤ ተክሉ ለምግብ ሥራው የሚያስቀረው ከጥቂት በመቶ አይበልጥም። ስለዚህ 100 ዋት የሚስብ መብራት ያለበት ድንኳን፣ ከፍ ብሎ ተሰቀለም ዝቅ ብሎ፣ 100 ዋት የሚስብ ማሞቂያ እንደገባበት ይቆጠራል።

ይህን ሙቀት የሚያወጣው የሚንቀሳቀስ አየር ነው፤ መጠኑም ሊሰላ ይችላል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በ18 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚሸከመው ሙቀትም በዚያው ልክ ያንሳል። በዚህ ከፍታ የድንኳኑን ሙቀት ከክፍሉ በ3 ዲግሪ ብቻ እንዲበልጥ ለማድረግ ለ100 ዋት በሰዓት 125 ሜትር ኩብ ያህል አየር መውጣት አለበት፤ በባሕር ዳርቻ ቢሆን 100 ይበቃ ነበር። በየደቂቃው የድንኳኑን አየር አንድ ጊዜ መለወጥ ይበቃል የሚለው የተለመደ ምክር ለእንዲህ ያለ ትንሽ ድንኳን አይሠራም ባይ ነኝ። ግማሽ ሜትር ኩብ አየር በየደቂቃው ቢለወጥ በሰዓት 30 ሜትር ኩብ ብቻ ነው፤ በሸራው በኩል የሚያልፈውንና ውሃ ሲተን የሚወስደውን ሙቀት ካልቆጠርን፣ ድንኳኑ ከክፍሉ በ12 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል።

እንግዲህ ሁለቱ ቴርሞሜትሮች ከ5 ዲግሪ በላይ ከተለያዩ ፋኑ ወይ አንሷል ወይ ታፍኗል። በፋኑ ማሸጊያ ላይ የተጻፈው የአየር መጠን የተለካው ቱቦም ማጣሪያም ሳይገጠም መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ ረጅም ቱቦ፣ ብዙ ጊዜ የታጠፈ ቱቦና የከሰል ማጣሪያ እያንዳንዳቸው ከዚያ ላይ ይቀንሳሉ። ፋኑ ሲሠራ የድንኳኑ ሸራ በትንሹ ወደ ውስጥ ሊሳብ ይገባል። ካልተሳበ ወይ ፋኑ ደክሟል ወይ በላይኛው በኩል የተከፈተ ዚፕ ስላለ ፋኑ ከታች ሳይሆን ከአጠገቡ አየር እየሳበ ነው። ከመጠን በላይ ከተሳበ ደግሞ የመግቢያው ቀዳዳ ጠቧል፤ ወይም፣ በበጋ አዳማ ላይ ብዙ ጊዜ እንደሚያጋጥመው፣ መረቡ በአቧራ ተደፍኗል። መረቡን በየሳምንቱ አውጥቶ ማጠብ አዲስ ፋን ከመግዛት ይቀድማል። የመብራቱ ድራይቨር (ለኤልኢዲው የሚስማማውን ኃይል የሚያቀብለው ሣጥን) የሚነቀል ከሆነ ገመዱን አስረዝሞ ከድንኳኑ ውጭ ማስቀመጥም 10 ዋት ያህል ሙቀት ይቀንሳል።

ልዩነቱ ትንሽ ሆኖ ድንኳኑ ግን 35 ዲግሪ ሲደርስ

በዚህ ጊዜ ፋኑ ጥፋት የለበትም፤ የሞቀው ክፍሉ ነው። ፋን ድንኳኑን ከክፍሉ በታች ሊያቀዘቅዝ አይችልም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት የአዳማ ከሰዓት በኋላ 30 ዲግሪ መድረሱና ማለፉ የተለመደ ሲሆን፣ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ከዚያም ይብሳል። ከድንኳኑ የሚወጣው ትኩስ አየር እዚያው ክፍል ውስጥ ከተለቀቀ ደግሞ ፋኑ ያንኑ አየር መልሶ ይስባል። ስለዚህ ቱቦውን በመስኮት በኩል ወደ ውጭ ማውጣት፣ የመግቢያውን አየር ደግሞ ከሌላኛው ወገን፣ ከወለሉ አቅራቢያ ማስገባት ተገቢ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው መፍትሄ ግን ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ይኸውም የችግኙን ቀንና ሌሊት መገልበጥ ነው። መብራቱ ከምሽቱ 12 ሰዓት በርቶ ጠዋት 4 ሰዓት ቢጠፋ ችግኙ 16 ሰዓት ብርሃን ያገኛል፤ የሚያርፍባቸው 8 ሰዓታት ደግሞ የቀኑ ሙቀት በሚከብድባቸው ጊዜያት ይውላሉ። በሌሊት የሚነፍሰው የአዳማ ነፋስ ሌላውን ሥራ ይሠራል።

የሰላጣ ዘር የሚዘራ ሰው በዚህ ላይ መጠንቀቅ አለበት፤ ብዙዎቹ ዝርያዎች ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ አፈር ውስጥ መብቀል ያቆማሉ፤ ሰው ግን ዘሩ አርጅቷል ብሎ ነጋዴውን ይወቅሳል።

ታይመሩ ለሌሊት ተሞልቶ ሳለ ድንኳኑ በቀን ሲግል

ይህ በእኔም ላይ ደርሷል። መብራቱን በሰዓቱ የሚያበራውና የሚያጠፋው ታይመር መደወያ ከ0 እስከ 24 የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ሲሆን፣ እኔ በእኛ ሰዓት «12» ላይ እንዲበራ፣ «4» ላይ እንዲጠፋ አድርጌ ሞላሁት። መብራቱም በቀትር እየበራ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ይጠፋ ጀመር። የብርሃኑ ርዝመት እንደታሰበው 16 ሰዓት ስለነበረ ስህተቱን ሳላየው ሁለት ሳምንት አለፈ፤ የቃሪያ ችግኞቼ ግን ያወቁት በመጀመሪያው ቀን ነው። ምሽት 12 በመደወያው 18፣ ጠዋት 4 ደግሞ 10 ነው።

በትክክል የተሞላ ታይመርም ሊዛነፍ ይችላል። የሚሽከረከረው ዓይነት ታይመር ኤሌክትሪክ በተቋረጠ ቁጥር አብሮ ይቆማል፤ ለ3 ሰዓት ከተቋረጠ መብራቱ የሚጠፋው ጠዋት 4 ሰዓት መሆኑ ቀርቶ ቀን 7 ሰዓት ይሆናል፤ በሳምንት ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ ደግሞ ሌሊቱ ቀን ሆኖ ያርፋል። ባትሪ ያለው ዲጂታል ታይመር መግዛት ወይም ኤሌክትሪክ በመጣ ቁጥር መደወያውን ማስተካከል ያስፈልጋል።

ምሽት ላይ ያለ ምክንያት ሙቀቱ ሲጨምር

ሰፈሩ ሁሉ እራት በሚያበስልበት ሰዓት የኤሌክትሪኩ ቮልቴጅ ሊወርድ ይችላል። ጥሩ የኤልኢዲ ድራይቨር ቮልቴጁ ቢወርድም ለመብራቱ ያንኑ ኃይል መስጠቱን ሲቀጥል፣ ተራው ፋን ግን ዙሩን ይቀንሳል። ሙቀቱ ባለበት ሆኖ የሚያወጣው ደከመ ማለት ነው። መፍትሄው ከሚያስፈልገው አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ፋን መምረጥ፣ ወይም መብራቱን አንድ ሰዓት ያህል አዘግይቶ ማብራት ነው።

አፈሩ እርጥብ ሆኖ ችግኙ ሲጠወልግ

ውሃ መጨመር የመጀመሪያው ስሜት ነው፤ ስህተትም ነው። የሞቀ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ የሞቀና የራሰ አፈር ደግሞ ሥር ለሚያበሰብሱ ፈንገስ መሰል ተሕዋስያን ይመቻል። ጥቁር የፕላስቲክ ማሰሮዎችን በነጭ ወረቀት መሸፈን፣ ከወለሉ በጣውላ ከፍ ማድረግና አፈሩ ላዩ እስኪደርቅ መታገስ ይገባል። ውሃ በመርጨት ድንኳኑን ማቀዝቀዝ ለጥቂት ደቂቃ ይሠራል፤ አየር በደንብ ካልወጣ ግን ሙቀቱን በሻጋታ መለወጥ ነው።

ሶኬቱ ሲግል ወይም የላስቲክ ሽታ ሲኖር

እዚህ ላይ ምርመራ የለም፤ ወዲያው ቆጣሪው ላይ ማጥፋት ነው። መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ የላላ ማከፋፈያ ሲሆን፣ ተጠግኖ ሳይሆን ተለውጦ መመለስ አለበት። ፋኑ ብቻውን ቆሞ መብራቱ እንደበራ እንዳይቀር የመብራቱን ገመድ በሙቀት መቆጣጠሪያ ማብሪያ በኩል አሳልፎ፣ የመቆጣጠሪያውን የሙቀት መለኪያ ጫፍ በቅጠሉ ከፍታ አስጠልሎ፣ በ33 ዲግሪ እንዲያጠፋ መሙላት ያስፈልጋል፤ ፋኑ ግን በዚህ መቆጣጠሪያ ሳያልፍ በሌላ ሶኬት ይሰካል።