ስልኩ ፍሪጅ ላይ፣ ልጅቷ ጭኔ ላይ

ልጄ 2 ዓመት ከ8 ወሯ ነው። በጥቅምት አንድ ማታ ሶፋ ላይ ሆኜ ቴሌግራም ሳይ፣ በሁለት እጇ ጉንጬን ይዛ ፊቴን ወደ ራሷ አዞረችው። ምንም አላለችም። እስከዚያ ቀን ድረስ ቤታችን ውስጥ የስክሪን ችግር ያለባት እሷ ነበረች የምትመስለኝ።

በማግስቱ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዝኩ። እናንተም ከዚሁ ጀምሩ። ከሥራ ከገባችሁበት እስኪተኛ ድረስ ልጃችሁ በጠራችሁ ቁጥር አንድ ጭረት አድርጉ። ቀና ብላችሁ ዓይኑን እያያችሁ ከመለሳችሁ ጭረቱን ክበቡት። «እ?» ብቻ ካላችሁ አይቆጠርም። እኔ 23 ጭረት ነበረኝ፤ የተከበበው 6። ባሌ አይቶ ሳቀብኝ። የእሱን ስንቆጥር ግን አልሳቀም።

ቀጥሎ፣ ማንም የማያየውን ቴሌቪዥን አጥፉ። እኛ ቤት ጠዋት የተከፈተ ቴሌቪዥን የሚዘጋው ስንተኛ ነበር። «ድምፅ ይሁነን» ብለን ነው። ጉዱ ያለው ድምፁ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሕፃናት ድምፅ መቅጃ እንዲለብሱ ተደርጎ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት አለ። ቴሌቪዥን በተሰማበት በእያንዳንዱ ሰዓት፣ ልጁ ከአዋቂ የሚሰማው ቃል በ770 ገደማ ያንስ ነበር። ቤቱ በወሬ የተሞላ ስለሚመስል እኛ ዝም ማለታችንን አናውቀውም። መጀመሪያ ሰሞን ጸጥታው ይከብዳል። እኔ ወጥ ስሠራ የምሠራውን ሁሉ እየነገርኳት ጀመርኩ። «ሽንኩርቱ አስለቀሰኝ» ስላት «እመታልሻለሁ» አለችኝ።

ስልኩን ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ከእጅ አርቁት። የእኔ ፍሪጅ ላይ ነው፤ ለማንሳት መነሳት አለብኝ። ኪሴ ውስጥ ከሆነ እጄ ሳላዘው ይገባል። የግድ ማንሳት ሲኖርባችሁ ለልጁ ንገሩት፦ «ለአክስትሽ ብር ልላክና መጣሁ»። በሞባይል ባንክ ብር ስንልክም ቲክቶክ ስናይም፣ ከልጅ ዓይን መልካችን አንድ ነው። ካልነገርነው ምን ያውቃል? ጨርሳችሁ ስትመለሱም ያቋረጣችሁትን ቀጥሉለት። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ላይ እናቶች ለ2 ዓመት ልጆቻቸው ሁለት አዲስ ቃላት ያስተምሩ ነበር። አንዱን ሲያስተምሩ መሀል ላይ ስልክ ይደወላል። ልጆቹ ሁለቱንም ቃላት እኩል ጊዜ ሰምተው፣ ስልክ ያቋረጠውን አልያዙትም።

አሁን ወደ ከባዱ፤ ምግብ። ልጄ ያለ ዩቲዩብ አፏን አትከፍትም ነበር። ስልኩ ይከፈታል፣ አፏ ይከፈታል፣ እኔ አጎርሳታለሁ። መብላቷንም የምታውቅ አይመስለኝም። ያቆምነው ቅዳሜ ነው። በሥራ ቀን አትሞክሩት፤ ትሸነፋላችሁ። የመጀመሪያ ቀን ምሳ ላይ ሳህኑን ገፋችው፤ እስከ ማታ የበላችው ግማሽ አቮካዶ ነው። እማዬ «ልጅቷን በረሃብ ልትገያት ነው?» አለችኝ። «እኛን በምን ነበር የምታበይን?» ብላት «ጅብ መጣ እያልኩ» አለች። ከጅቡስ ዩቲዩቡ ይሻል ነበር ልል ብዬ ተውኩት።

እሁድ ለብቻዋ ትንሽ ሳህን ሰጠኋትና አብረን አንድ ላይ ቀረብን። ለብቻዋ ማብላቴ ነበር ስህተቱ፤ ማንም አብሯት የማይበላ ልጅ ምን ያድርግ? ራሷ እንጀራ ትቆርሳለች፣ ግማሹ መሬት ይወድቃል፣ እኛ ስለ ካሮቱ እናወራለን። ሠራተኛችንንም አስረዳናት፤ እሷ ካልተስማማች ቀን ቀን ስልኩ ይመለሳል። በአራተኛው ቀን ልጄ በወጥ የተጨማለቀ እጇን ዘርግታ «ማሚ፣ ጉርሻ» አለችኝ። ላጎርሳት መስሎኝ አፏን እስክትከፍት ጠበቅኩ። ለካ ልታጎርሰኝ ነው።

ቴሌቪዥን ጨርሶ አልተከለከለችም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 ዓመት በታች ላሉት አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ላሉት በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ፣ ካነሰም ይሻላል ይላል። እኛ ከእራት በፊት ግማሽ ሰዓት አብረን እናያለን። በእንግሊዝኛ «ብሉ!» ስትል «አዎ፣ ሰማያዊ» እላታለሁ። ዱባይ ካለችው እህቴ ጋር በቪዲዮ ሲያወሩ ግን ሰዓት አልይዝም። እዚያ ማዶ የምትመልስላት ሰው አለች።

ትናንት እንደገና ቆጠርኩ። 41 ጭረት፣ 29 ክብ። ልጆች መልስ ሲያገኙ ጥሪውን እንደሚያበዙት ማንም አልነገረኝም ነበር። ደክሞኛል።