የጫካ እንጉዳይ ስትለዩ የምትሳሳቱት እዚህ ጋ ነው

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገና ሲለቅም ነው። ከመሬት በላይ ቆረጥ አድርጎ ይወስደዋል፣ ዋናው ምልክት ግን አፈር ውስጥ ይቀራል። አማኒታ ፋሎይድስ የሚባለው ገዳይ እንጉዳይ አገዳው የሚበቅለው እንደ ኮሮጆ ካለ ነጭ ሽፋን ውስጥ ነው፤ ይሄ ኮሮጆ ብዙ ጊዜ በአፈርና በረገፈ ቅጠል ስለሚሸፈን፣ በቢላ ከላይ ከቆረጣችሁት እጃችሁ ላይ የሚቀረው ምንም የማያስፈራ ፈዛዛ አረንጓዴ ቆብ ነው። ዙሪያውን ቆፍራችሁ ከነሥሩ አውጡት።

ቀለምን ማመንም አለ። ቀዩን ባለ ነጭ ነጠብጣብ እንጉዳይ ሁሉም በሥዕል ያውቀዋል አይደል? ነጠብጣቦቹ ግን ዝናብ ሲመታቸው ታጥበው ይሄዳሉ። ይልቅ ገልብጡት። ከቆቡ ሥር ያለው እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደረ ነው ወይስ እንደ ስፖንጅ የተበሳሳ? ገጾቹ አገዳውን ይነኩታል? አገዳው ላይ ቀለበት አለ? ሥጋው ሲቆረጥ ቀለሙ ይቀየራል?

ገና ያልተከፈተ፣ እንቁላል የመሰለ ካገኛችሁ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ሰንጥቁት። ውስጡ የቆብና የአገዳ ቅርጽ ከታየ አማኒታ ሊሆን ይችላል።

የስፖር አሻራ መውሰድ፣ ማለትም እንጉዳዩ እንደ ዘር የሚጥለውን ዱቄት ወረቀት ላይ አስቀርቶ ቀለሙን ማየት ደግሞ ሁላችንም ስንቸኩል የምንዘለው ነገር ነው። ቆቡን ከአገዳው ለዩት፣ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር የሆነ ወረቀት ላይ ሆዱን ወደ ታች አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ብርጭቆ ድፉበትና ይደር። የፋሎይድስ ዱቄት ነጭ ነው። ለምግብ የሚለቀመው የሜዳው እንጉዳይ ግን ጥቁር ቡናማ ይጥላል። ነጭ ወረቀት ብቻ ከሆነ ነጩን ዱቄት በምን ታዩታላችሁ?

«ትል ከበላው እኔም እበላዋለሁ»፣ «የብር ማንኪያ ካላጠቆረ ሰላም ነው» የሚሉትን እርሷቸው። ቀንድ አውጣ በልቶት ደህና የሚሆነው እንጉዳይ ሰው ይገድላል። የፋሎይድስን መርዝ መቀቀልም አያጠፋውም። «ትንሽ ቀምሼ ልየው» ማለትማ ጭራሽ አይሆንም፤ ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ6 ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው፣ ከዚያ የተሻለ መስሎ ጉበትን ይጎዳል።

ስልክ ላይ ያለው አፕስ? ከላይ ብቻ ባነሳችሁት ፎቶ ፈጠን ብሎ ስም ይሰጣችኋል። አፈር ውስጥ የቀረውን ኮሮጆ ግን እሱም አላየውም።