ለስክሪን ሪደር ተጠቃሚ የሚበቃ አነስተኛ ኮምፒውተር፦ ችግርና መፍትሔ

በስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም የሚሠራ ዓይነ ስውር ሰው ኮምፒውተር ሲመርጥ ገንዘቡን ማዋል ያለበት በፍጥነት፣ በድምፅና በኪቦርድ ላይ ነው፤ ለስክሪን ጥራት የሚከፈለው ብር ለእሱ ምንም አይጨምርለትም። ከደብረ ማርቆስም ሆነ ከባሕር ዳር ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው የሚከተሉትን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ቁልፍ ሲነካ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል። ጥፋቱ በስክሪን ሪደሩ ይሳበባል እንጂ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ወይም የራም (የኮምፒውተሩ የሥራ ማስታወሻ) ማነስ ነው። መፍትሔው ዲስኩን ከእሱ በሚፈጥነው ማከማቻ፣ በኤስኤስዲ መቀየርና ራሙን 8 ጊጋባይት ማድረስ ነው። ላፕቶፑ ገና ካልተገዛ ግን እዚያው ሱቁ ውስጥ መፈተን ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ዓይነ ስውሩ አውስትራሊያዊ ማይክል ከራን የጀመረው ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን ሪደር በነፃ የሚገኝ ከመሆኑም በላይ፣ ማሽኑ ላይ ሳይጫን ከፍላሽ ይሠራል። ስለዚህ ባለሱቁን አስፈቅዶ ፍላሹን መሰካት፣ ፋይል የበዛበት ፎልደር መክፈትና የታች ቀስቱን ቶሎ ቶሎ መጫን ነው። ደህና ማሽን የጀመረውን ስም አቋርጦ ወዲያው ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ጣት ካረፈ በኋላ ዝም ብሎ ቆይቶ የሚናገረውን ግን መተው ነው።

እንግሊዝኛውን ያነባል፣ አማርኛው ላይ ዝም ይላል። የተመረጠው ድምፅ የግዕዝን ፊደል ስለማያውቅ ነው። በኤንቪዲኤ ኢንሰርት፣ ኮንትሮልና ኤስ የተባሉት ቁልፎች አንድ ላይ ተጭነው ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚለውጥ ፕሮግራም ይመረጥ፤ ከዚያም ከድምፆቹ ዝርዝር አማርኛው ይወሰድ። ድምፁ ሸካራ ነው፤ ሆኖም ደካማ ማሽንን ስለማያስጨንቅ ለአነስተኛ ኮምፒውተር ከሁሉ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

የአማርኛ ሰነድ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆኖ ይነበባል። ይህ በማሽን መቀየር አይፈታም። ሰነዱ የተጻፈው ከዩኒኮድ፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ኮድ ከሚሰጠው የጋራ ሥርዓት በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች ስለሆነ፣ ለሚያይ ሰው አማርኛ ቢመስልም ከሥሩ ያለው የላቲን ኮድ ነው። ፋይሉ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት፤ ደብዳቤና የትምህርት ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ሁሉ ከመጀመሪያው በዩኒኮድ ቢጽፉ ዓይነ ስውሩ አንባቢ የሌላ ሰው ዓይን ከመጠበቅ ይድናል።

የላፕቶፑ ስክሪን ተሰንጥቋል። ዋጋው ከረከሰ ይህ ለዓይነ ስውር ገዢ ዕድል ነው። ነገር ግን ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚመጣን የስህተት መልእክት ስክሪን ሪደር ስለማያነብ፣ የሚያይ ሰው ቴሌቪዥን አገናኝቶ እንዲያነብለት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳው መሥራቱ አስቀድሞ ይረጋገጥ። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ደግሞ ጥቂት እንኳ የሚቆይ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ ይመረጣል።

በብሉቱዝ ማዳመጫ የቃሉ መጀመሪያ ይዋጣል። ማዳመጫው በዝምታ መሃል ስለሚያንቀላፋ ነው፤ ባለ ገመድ ማዳመጫ መጠቀም በርካሽ ይፈታዋል።